«ትንሽ ነው የሚያመኝ» የሚል ልጅ



እዚህ ገጽ ላይ ብዙ ጊዜ የማወራችሁ ስለ ደም ግፊት፣ ስለ ስኳርና ስለ ጨጓራ ነው። ዛሬ ግን ስለ አንድ የ14 ዓመት ልጅ ክርን ነው የምነግራችሁ። ስለ ራሴ ስህተትም ጭምር። ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። በተለይ የሚወረውር፣ ኳስ የሚጫወት ወይም የሚሮጥ ልጅ ያላችሁ ወላጆች እስከ መጨረሻው ብታነቡት ደስ ይለኛል።

ነገሩ የሆነው እዚሁ አዳማ ነው። ልጁም አባቱም እንድጽፈው ፈቅደውልኛል። ማንነታቸውን የሚያሳውቅ ነገር ግን ትቻለሁ።

የመጀመሪያው ቀን

ወሩ ኅዳር ነው። ከሰዓት በኋላ ኮሪደሩ በታካሚ ተሞልቷል። አንድ የባጃጅ ሹፌር ልጁን ይዞ ገባ። ባጃጁን በር ላይ ስላቆመ ዓይኑ በመስኮቱ በኩል ወደ ውጭ ይመላለሳል። ልጁ ረዘም ያለ፣ ቀጭን፣ አንገቱን የደፋ ልጅ ነው።

«ዶክተር፣ ክንዱን ያመኛል ይላል» አለኝ አባትየው። «ለትምህርት ቤቶች ውድድር በጦር ውርወራ ተመርጦ ነው። መምህሩ ‹ይሄ ልጅ ተስፋ አለው፣ አሰላ ማሰልጠኛ ሊገባ ይችላል› ብሎኛል።»

አሰላ ሲል የጥሩነሽ ዲባባ አትሌቲክስ ማሰልጠኛ ማዕከልን ማለቱ ነው። በእኛ አካባቢ ይህ ቃል ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ኃይሌ ከአሰላ፣ ደራርቱ፣ ቀነኒሳና ጥሩነሽ ደግሞ ከበቆጂ አካባቢ ወጥተው ዓለምን ሲያስደንቁ እያየ ላደገ ልጅ፣ የአሰላ መንገድ የሕይወት መንገድ ነው።

ልጁን «የቱ ጋ ነው የሚያምህ?» አልኩት። የቀኝ ክርኑን የውስጥ ጎን በጣቱ ነካ። «ወድቀሃል?» አልወደቀም። «በጣም ያምሃል?»

አባቱን ቀና ብሎ አየና «ትንሽ ነው የሚያመኝ» አለ።

ክርኑን አጠፍኩት፣ ዘረጋሁት። እብጠት የለውም። ራጅ አላዘዝኩም። «እያደገ ስለሆነ ነው፣ ይተወዋል» አልኩና ለአምስት ቀን የሚሆን የሕመም ማስታገሻ ጻፍኩለት። አምስት ደቂቃ እንኳ አልሞላንም። አባትየው አመስግኖኝ ወጣ።

ያን ቀን አንድ ጥያቄ አልጠየቅኩም፦ «በቀን ስንት ጊዜ ትወረውራለህ?»

ሁለተኛው ቀን

ከአምስት ሳምንት በኋላ ተመልሰው መጡ። አሁን ክርኑ አብጧል፣ ክንዱን መዘርጋትም አይችልም። ልጁ በግራ እጁ ቀኙን ደግፎ ይዟል። መጀመሪያ ወጌሻ ጋ ሄደው ሁለት ቀን ታሽቷል። እብጠቱ ሲብስ ነው ወደ እኔ የመጡት።

«ልምምድ ላይ ነበርኩ። ጦሩን ስለቀው ክርኔ ውስጥ ጧ ሲል ሰማሁት» አለኝ።

ራጅ አነሳነው። በክርኑ የውስጥ ጎን ካለው የአጥንት ጉብታ ላይ አንድ ትንሽ ቁራጭ ከቦታው ተስቦ ተላቋል። እንደ ዕድል ሆኖ የራቀው በጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነበር።

አሁን ጠየቅኩት። «ስንት ጊዜ ነው የምትወረውረው?»

«ቆጥሬ አላውቅም።» ትንሽ አሰበ። «ጠዋት ሠላሳ አካባቢ። ከሰዓት አርባ ይሆናል።»

«በሳምንት ስንት ቀን?»

«ስድስት። እሁድ እረፍት ነን።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እሁድ ግን ሰፈር ውስጥ ድንጋይ እንወራወራለን» አለ።

ወረቀት ላይ ደመርኩት። በሳምንት 420። እሁድን ሳይጨምር!

ከዚያ እስከ ዛሬ የሚከነክነኝን ነገር ነገረኝ። «የሰጡኝን ኪኒን ስውጥ አያመኝም ነበር። ሲያልቅ ከፋርማሲ ጨመርኩ። ከልምምድ በፊት ነበር የምውጠው።»

እኔ የጻፍኩለት መድኃኒት ሕመሙን አልፈወሰውም። ማስጠንቀቂያውን ነው ያጠፋው። ቤት እየተቃጠለ የሚጮኸውን ደወል ዘግቼ «ተኛ» እንዳልኩት ቁጠሩት።

አባትየው ራሱን መውቀስ ጀመረ። «እኔ ነኝ ‹ወንድ ልጅ በትንሹ አያለቅስም› ያልኩት» አለ። እኔም ያን ቀን ሳልጠይቅ የቀረሁትን ነግሬ ይቅርታ ጠየቅኩት። ሐኪም ይቅርታ ሲጠይቅ አይቶ ስለማያውቅ መሰለኝ፣ ግራ ገብቶት ዝም አለ።

ክርኑ ውስጥ ምን ሆነ?

የልጅ አጥንት የአዋቂ አጥንት ትንሹ ዓይነት አይደለም። በየጫፉ አጥንቱ የሚያድግበት፣ ገና ያልጠነከረ ልም አጥንት አለ። ጅማትና ጡንቻ ደግሞ እዚያው አካባቢ ተጣብቀው ይስባሉ። አዋቂ ሰው ከመጠን በላይ ሲወረውር መጀመሪያ የሚጎዳው ብዙ ጊዜ ጅማቱ ነው። በልጅ ላይ ግን ጅማቱ ከዚያ ለስላሳ ቦታ ይበልጥ ጠንካራ ስለሆነ የሚሸነፈው አጥንቱ የሚያድግበት ቦታ ነው።

በክርን የውስጥ ጎን ያለው ይህ ቦታ በክርን አካባቢ ካሉት ሁሉ ዘግይቶ የሚጠነክር ነው። ብዙ ልጆች ላይ የሚገጥመው ከ15 እስከ 17 ዓመት ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ የ14 ዓመቱ ልጃችሁ ቁመቱ አባቱን ቢያህልም፣ ድምፁ ቢጎረንንም፣ ክርኑ ገና የልጅ ክርን ነው።

ልጁ በወረወረ ቁጥር ያ ቦታ ይጎተታል። ዛሬ ተጎትቶ ነገ ካረፈ ይጠግናል፣ ይጠነክራልም። ዛሬም፣ ነገም፣ ከነገ ወዲያም ከተጎተተ ግን መጠገኛ ጊዜ ያጣል። መጀመሪያ ያማል፣ ቀጥሎ ያብጣል፣ በመጨረሻም ይላቀቃል። የኛ ልጅ የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ሳለ ነበር እኔ ጋ የመጣው።

እዚህ ላይ አባትየው የጠየቀኝን ጥያቄ ላንሳ፣ ብዙዎቻችሁም ስለምትጠይቁኝ። «ዶክተር፣ ውሃው ይሆን እንዴ አጥንቱን ያሳሳው?» አለኝ። ጥያቄው ያለ ምክንያት አልመጣም። በስምጥ ሸለቆ ከተሞቻችን የከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ ፍሎራይድ የሚባለው ማዕድን በብዛት አለ። የብዙ ሰዎች ጥርስ የሚበልዘው በዚህ ነው። በወንጂ የስኳር እርሻ አካባቢ ለብዙ ዓመታት ይህን ውሃ ሲጠጡ በኖሩ ሠራተኞች ላይ አጥንትና መገጣጠሚያ እስከማድረቅ የደረሰ ጉዳትም ተመዝግቧል። ነገር ግን ያ በረጅም ዓመታት የሚመጣ፣ በአብዛኛው አከርካሪንና ብዙ መገጣጠሚያዎችን የሚይዝ ችግር ነው። የሚወረውር ልጅ የሚወረውርበትን አንድ ክርን ብቻ ካመመው ጥፋተኛው ውሃው አይደለም፣ ብዛቱ ነው። ንጹሕና ፍሎራይዱ የተቀነሰ ውሃ ማጠጣታችሁን ግን አትተዉ።

ከሜሪላንድ የመጣ ስልክ

በዚያው ሳምንት ሜሪላንድ የሚኖረው ወንድሜ ደወለ። የ13 ዓመት ልጁ ቤዝቦል ይጫወታል። ፒቸር ነው፣ ማለትም ኳሷን ዱላ ለያዘው ተጋጣሚ በኃይል የሚወረውረው ልጅ። የአሰልጣኙ የፍጥነት መለኪያ በሰዓት 62 ማይል አሳይቷል፣ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ማለት ነው። «አንተ ሐኪም ነህ፣ ፍጥነቱን እንዴት እንጨምርለት?» ይለኛል። ልጁ በአንድ ወቅት ለሁለት ቡድን ነው የሚጫወተው። «ክንዱን ያመዋል?» አልኩት። «ትንሽ» አለኝ።

ያቺ «ትንሽ» የምትባል ቃል አዳማና ሜሪላንድ ላይ እኩል ነው የምትነገረው።

ስለ ቤዝቦል ብዙ አላውቅም ነበርና ቁጭ ብዬ አነበብኩ። አሜሪካኖች በዚህ ነገር ብዙ ልጅ ከጎዱ በኋላ ነው የተማሩት። እ.ኤ.አ. በ1974 ቶሚ ጆን የሚባል የሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ወርዋሪ የክርኑ ጅማት ተበጠሰ። ዶክተር ፍራንክ ጆብ ከሌላኛው ክንዱ ጅማት ወስደው ተኩለት። ቶሚ ጆን በ1976 ወደ ሜዳ ተመልሶ እስከ 1989 ተጫወተ። ቀዶ ሕክምናው እስከ ዛሬ በእሱ ስም ይጠራል። ችግሩ፣ ለአዋቂ ባለሙያ የተፈጠረው ቀዶ ሕክምና ውሎ አድሮ የልጆች ሆነ። እዚያው አሜሪካ ከ2007 እስከ 2011 የተደረጉትን እነዚህን ቀዶ ሕክምናዎች የመረመረ ጥናት፣ ከታካሚዎቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከ15 እስከ 19 ዓመት ዕድሜ ያላቸው እንደነበሩ አግኝቷል።

በ2006 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን ወጣት ወርዋሪዎች ከጤነኞቹ ጋር አነጻጸረ። ክንዳቸው ደክሞ ሳለ አዘውትረው ይወረውሩ የነበሩት ለቀዶ ሕክምና የመዳረግ ዕድላቸው 36 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ልብ በሉ፣ ታሞ ሳይሆን ደክሞ ነው የሚለው።

ስለዚህ ምን አደረጉ? መቁጠር ጀመሩ። ከ2007 ጀምሮ የልጆች ቤዝቦል ሊግ በቀን የሚወረወረውን በቁጥር ገደበ። ዛሬ ባለው መመሪያ ከ9 እስከ 10 ዓመት ያለ ልጅ በአንድ ቀን ከ75 በላይ፣ ከ11 እስከ 12 ከ85 በላይ፣ ከ13 እስከ 14 ደግሞ ከ95 በላይ አይወረውርም። 66ና ከዚያ በላይ የወረወረ ልጅ ቀጥሎ አራት ቀን ማረፍ አለበት። በዓመት ውስጥም ቢያንስ አራት ወር ከውርወራ እንዲያርፍ ይመከራል።

አሁን አስቡት። የቤዝቦል ኳስ 145 ግራም ያህል ነው። የኛ ልጅ ይወረውረው የነበረው የትምህርት ቤቱ ብቸኛ ጦር ግን የአዋቂ ወንድ ጦር ነው፣ 800 ግራም። ያንን በቀን 70 ጊዜ፣ ያለ እረፍት ቀን። በዓለም አቀፉ ደንብ እንኳ ከ18 ዓመት በታች ላሉ ወንዶች 700 ግራም፣ ለሴቶች 500 ግራም ነው። ለ14 ዓመት ልጅ ከዚያም ቢቀል ይሻላል።

ፍጥነት ከየት ይመጣል?

ወንድሜም፣ የባጃጅ ሹፌሩም፣ መምህሩም የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፦ ልጁ ጠንክሮና ርቆ እንዲወረውር። ይህ መጥፎ ፍላጎት አይደለም። ልጁም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። የተሳሳትነው ኃይሉን ክንድ ውስጥ መፈለጋችን ላይ ነው።

ለቡሄ ጅራፍ ሲያጮሁ አይታችኋል? የሚጮኸው ጫፉ ነው። ጫፉ ከድምፅ ፍጥነት ስለሚበልጥ ነው እንደዚያ የሚያስተጋባው። ኃይሉ ግን ከጫፉ አልመጣም። ልጁ እግሩን መሬት ላይ ተክሎ፣ ወገቡን አዙሮ፣ ትከሻውን አስከትሎ፣ እጀታውን ሰንዝሮ ነው። ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ እየተላለፈ፣ እየፈጠነ ሄዶ ጫፉ ላይ ይፈነዳል። ጅራፉን ጫፉን ይዛችሁ ብትወዘውዙት ምንም አይጮኽም።

ውርወራም እንደዚሁ ነው፣ የጦርም ሆነ የቤዝቦል። ቅደም ተከተሉ ይህን ይመስላል፦

1. እግር። በቀኙ የሚወረውር ልጅ ከሩጫው በኋላ ግራ እግሩን ከፊት አጥብቆ ይተክላል። ጉልበቱ ከተልፈሰፈሰ የሩጫው ኃይል መሬት ላይ ፈሶ ይቀራል።

2. ዳሌ። ቀድሞ ወደ ዒላማው የሚዞረው ዳሌ ነው። ትከሻ ገና ወደ ኋላ እንደቀረ።

3. ሆድና ወገብ። በዳሌና በትከሻ መካከል ያለው ይህ ጠመዝማዛ ልክ እንደ ተወጠረ ላስቲክ ነው።

4. ትከሻና ክርን። ክርን ከትከሻ በታች መውረድ የለበትም። ክርኑ ወርዶ ክንዱ በጎን ዞሮ ሲመጣ የክርን የውስጥ ጎን ከባድ ጉተታ ያርፍበታል።

5. እጅ። መጨረሻ ይመጣል፣ ፈጣኑም እሱ ነው።

በቴኒስ ሰርቭ ላይ የተሠራ ስሌት ከኃይሉ ግማሽ ያህሉ ከእግር፣ ከዳሌና ከወገብ እንደሚመጣ ያሳያል። እግር ሲደክም ወይም ሲሰንፍ ያ ግማሽ ይጎድላል። ልጁ ግን ርቀቱ እንዲቀንስ ስለማይፈልግ የጎደለውን ከክንዱ ያወጣል። እግር ያልከፈለውን ዕዳ ክርን ይከፍለዋል።

ልጁ በአባቱ ስልክ የጁሊየስ ዬጎን ቪዲዮ ደጋግሞ ያያል። ዬጎ የጎረቤታችን የኬንያ ስምጥ ሸለቆ ልጅ ነው። ጦር ውርወራን ከዩቲዩብ ተምሮ እ.ኤ.አ. በ2015 ቤጂንግ ላይ 92 ሜትር ከ72 ወርውሮ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። አብረን አየነው። «ምኑን ነው የምታየው?» አልኩት። «ክንዱን» አለኝ። «አሁን ክንዱን ተውና ግራ እግሩን ብቻ እይ» አልኩት። ሦስት ጊዜ መላልሶ አየና «እንደ ግንድ ነው የሚተክለው!» አለ። ያን ቀን ስለ ውርወራ ከእኔ የተማረው በሙሉ ይኸው ነበር።

ምን አደረግን?

የአጥንት ስፔሻሊስት አየው። ቁራጩ ብዙ ስላልራቀ ቀዶ ሕክምና አላስፈለገውም። ለሦስት ሳምንት ክንዱ በጄሶ ታሰረ፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ማንቀሳቀስ ጀመረ። ውድድሩ አለፈው። አባትየው በዚያ ቀን ደውሎልኝ ነበር። «ዛሬ ነበር እኮ» አለኝ። ሌላ ምንም አላለም፣ እኔም የምለው አልነበረኝም።

ከዚያ መምህሩን አገኘሁት። እውነቱን ለመናገር ልቆጣው ነበር የሄድኩት። ስደርስ ግን አንድ ሜዳ፣ አንድ ጦርና ሰማንያ ልጅ የያዘ፣ ከደመወዙ ኳስ የሚገዛ ሰው አገኘሁ። «ጎበዙ ነው አብዝቶ የሚወረውረው፣ እኔም እሱን ሳይ ደስ ስለሚለኝ አላስቆመውም» አለኝ። እንግዲህ እኔ ያልጠየቅኩትን እሱም አልቆጠረም። ሁለታችንም ልጁን የጎዳነው ወደነው ነው።

አብረን ይህን አወጣን፦

• በሁለተኛው ወር፦ ውርወራ የለም። ቁጭ ብድግ፣ በአንድ እግር መቆም፣ ገመድ መዝለል፣ በክርን ተደግፎ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ መቆየት (በእርግጥ ክርኑ ከዳነ በኋላ)። ልጁ ሰልችቶት ነበር፣ ግን ሠራው።

• በሦስተኛው ወር፦ የአጥንት ሐኪሙ ሲፈቅድ አሸዋ በተሞላ ያረጀ ኳስ በሁለት እጅ ውርወራ፣ ቀጥሎ በቴኒስ ኳስ ግድግዳ ላይ ቀለል ያለ ውርወራ።

• ከአራተኛው ወር ጀምሮ፦ መምህሩ ራሱ ከቀርከሃ የሠራው ቀላል ጦር። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በቀን ከ25 ያልበለጠ። በመካከሉ ሁልጊዜ የእረፍት ቀን።

• ደብተር፦ በየቀኑ የውርወራው ቁጥር፣ አጠገቡ ደግሞ የሕመም ቁጥር፣ ከዜሮ እስከ አሥር። ሕመሙ ከዜሮ ካለፈ የዚያ ቀን ውርወራ አበቃ። የሚጽፈው ልጁ ራሱ ነው፣ የሚያየው አባቱ።

«የኔ ልጅ ግን ጦር አይወረውርም»

ልክ ናችሁ። አብዛኞቻችሁ፣ ከሞጆ እስከ መተሐራ፣ ከመቂ እስከ ባቱ፣ ያላችሁ ኳስ ተጫዋች ወይም ሯጭ ነው። ነገሩ ግን ያው ነው፣ ቦታው ብቻ ነው የሚለየው። ከ10 እስከ 15 ዓመት ያለ ኳስ ተጫዋች ከጉልበቱ ሎሚ ዝቅ ብሎ ያለው ጉብታ አብጦ ሲነካ ካመመው፣ የጭኑ ጡንቻ አጥንቱ የሚያድግበትን ቦታ እየጎተተው ነው። ከ8 እስከ 13 ዓመት ያለ ልጅ ከሩጫ በኋላ ተረከዙን ይዞ ካነከሰም እንዲሁ። ደረቅ የጠጠር ሜዳና ሶሉ ያለቀ ጫማ ያባብሱታል። ጥሩው ዜና እነዚህ ሁለቱ ብዙ ጊዜ ልምምድ በመቀነስና በጊዜ የሚያልፉ መሆናቸው ነው። አስቀድሞ ግን ሐኪም ይየው።

እነዚህን ምልክቶች ካያችሁ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት፦

• አንድ ቦታ ላይ ብቻ ያተኮረ፣ በጣት ሲነካ የሚያም ሕመም
• ከሁለት ሳምንት እረፍት በኋላም ያልተወ ሕመም
• እብጠት፣ ወይም መገጣጠሚያው ሙሉ በሙሉ አለመዘርጋት
• «ጧ» የሚል ድምፅና ድንገተኛ ሕመም
• ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም፣ ትኩሳት ወይም ክብደት መቀነስ። ይህ ከስፖርት ጋር ያልተያያዘ ከባድ ሕመም ሊሆን ስለሚችል አታቆዩት
• የጣት መደንዘዝ ወይም መቀዝቀዝ

ሦስት ልመናዎች አሉኝ፦

አንደኛ፣ ያበጠ መገጣጠሚያ አይታሽ። ወጌሻዎችን አልንቅም፣ ለብዙ ዘመን ሕዝባችንን አገልግለዋል። ነገር ግን ራጅ ሳይነሳ የተሰበረውን ከወለም ለይቶ ማወቅ አይቻልም። በጣም የጠበቀ እሥር ደግሞ ደም አቋርጦ እጅ እስከማሳጣት ሊደርስ ይችላል። ታስሮ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ካበጡ ወይም ከደነዘዙ ወዲያው ይፈታና ሆስፒታል ይሂድ።

ሁለተኛ፣ ልጅ እንዲጫወት ብላችሁ የሕመም ማስታገሻ ወይም ዳይክሎፌናክ መርፌ አታሰጡ። ማስታገሻ ለሚያርፍ ልጅ ነው፣ ለሚወረውር ልጅ አይደለም። ይህን የምለው ስህተቱን ራሴ ሠርቼው ነው። ቤት ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ለ15 ደቂቃ ማድረግና ማሳረፍ በቂ ጅማሬ ነው።

ሦስተኛ፣ ስትጠይቁት «ያምሃል?» ብቻ አትበሉት። አሰልጣኙ ወይም ጓደኞቹ በሌሉበት ጠይቁት። «ዛሬ ስንት ወረወርክ? ነገስ ብታርፍ ምን ትሆናለህ ብለህ ትፈራለህ?» በሉት። ልጅ ሕመሙን የሚደብቀው ውሸታም ስለሆነ አይደለም። የያዘውን ዕድል የሚያጣው ስለሚመስለው ነው። የኛው ልጅ የፈራው ክርኑን አልነበረም፣ አሰላን ነበር።

መጨረሻው

ግንቦት ላይ መምህሩ ጋበዘኝና ሄድኩ። የአዳማ ፀሐይ ገና በጠዋቱ ያቃጥላል። ልጆቹ የውሃ ጠርሙሳቸውን በዛፍ ጥላ ሥር ደርድረዋል። ልጁ በቀርከሃው ጦር ሲወረውር አየሁት። ግራ እግሩን እንደ ግንድ ተከለ፣ ዳሌው ቀደመ፣ ክንዱ መጨረሻ መጣ። ጦሯ ከጠበቅኩት በላይ ሄደች። ምን ያህል እንደሆነ ከድሮው ጋር ማነጻጸር አይቻልም፣ የዚህኛዋ ክብደት ሌላ ነውና። ወደፊት አሰላ ይግባ አይግባም አላውቅም።

እኔን ያስደሰተኝ ግን ርቀቱ አልነበረም። ጓደኞቹ «አንድ ድገም! አንድ ድገም!» እያሉ ሲጮኹ ጦሩን መሬት ላይ ተከለና «ቲቸር፣ አሥራ ስምንት ሆኗል። ደክሞኛል፣ ዛሬ ይበቃኛል» አለ። ሄዶ ደብተሩ ላይ ጻፈና ጥላው ሥር ተቀመጠ። መምህሩ «ጎበዝ» አለው።

ለወንድሜም ያንኑ ነው የነገርኩት። የልጁን ፍጥነት መጨመር ከፈለግህ እግሩን አጠንክር፣ ከሁለቱ ቡድን አንዱን አስተወው፣ ውርወራውን ቁጠር። «ትንሽ ያመኛል» ሲልህ ደግሞ ትንሹን አትመን።

እናንተም ዛሬ ማታ ልጃችሁ ከሜዳ ሲመለስ «ስንት አገባህ?» ከማለታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ አስቀድሙ። «የቱ ጋ ነው የደከመህ?» በሉትና መልሱን ቁጭ ብላችሁ ስሙት።

ይህ ጽሑፍ ለግንዛቤ የቀረበ ነው፣ የሐኪም ምርመራን አይተካም። የሚጠቅመው የምትሉት ወላጅ፣ መምህር ወይም አሰልጣኝ ካለ አካፍሉት። ጥያቄ ካላችሁ ከታች ጻፉልኝ፣ አንብቤ እመልሳለሁ።

ጤናችሁ ይብዛ።